ከጎርፉ ማዶ የመጡ ሰባት እጆች

የክፍለ ሀገሩ ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ ሰኞ ዕለት ሞቱ። ረቡዕ ማለዳ ለልዌን ቴሌግራም ደረሳት። «ዛሬ ስምንት ሰዓት አዲስ ጸሐፊ ይመረጣል። የጠረፍ ወረዳ ጓዶች በዚህ ጎርፍ እንዳትንገላቱ፤ መቅረታችሁን ኮሚቴው ይረዳል።» የላከው ምክትሉ ኽዋት ነበር።

ልዌን ሁለቴ አነበበችው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ስለ እኛ መንገላታት የተጨነቀው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ነገሩ ገብቷታል። ከአርባ አንዱ የኮሚቴ አባላት ሰባቱ፣ እሷን ጨምሮ፣ የጠረፍ ሰዎች ናቸው። እነሱ ከቀሩ ወንበሩ የኽዋት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆና በደንቡ የጋራ የሆነውን የሩዝ ማሳ ለየቤተሰቡ በድብቅ ያከፋፈለችው እሷ ናት። ምርቱ እጥፍ ሆነ። ዛሬ ከኽዋት ጋር የሚወዳደረው የእርሻ ኃላፊው ዲየም ያኔ አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ ኽዋት ግን «አስራታለሁ» ብሎ በስብሰባ ፊት ዝቶባታል።

ጀልባዋን ፈትታ አምስቱን ከየቤታቸው ለቀመች። ስድስተኛው፣ ሽማግሌው ትራክ ግን ደጃፋቸው ላይ ቆመው አንገራገሩ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ እጅ ከማውጣት በቀር የምናውቀው የለም።»

«ዛሬም የምናወጣው እጅ ነው አባባ። ግን እዚያው ተገኝተን።»

«ዲየም ቢሸነፍስ? ቀድሞ የሚታሰረው ማን ይመስልሻል?»

«እኔ ነኛ! እርስዎማ ስንቅ ያመላልሱልኛል።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ገቡ።

ጎርፍ በዋጠው ማሳ ላይ እየተፈራረቁ ቀዘፉ። ውሃው ሲሳሳ ወርደው ጀልባዋን ጎተቱ፤ ከዚያም ጥለዋት ጭቃውን በእግራቸው አቋረጡት። ከተማ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። የአዳራሹ ዘበኛ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። «ምዝገባ ተዘግቷል።»

«ዘግተህ ከሆነ እንግዲህ ትከፍተዋለህ» አለችውና በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ስድስቱም ተከተሏት።

ኽዋት መድረኩ ላይ ነበር። ሲያያቸው ንግግሩን አቋረጠ። ቶሎ ግን ፈገግ አለ። «ጓድ ልዌን! ምነው፣ ወለሉን በጭቃ አጥለቀለቃችሁት እኮ።»

«እናጸዳዋለን ጓድ ምክትል። መጀመሪያ እንምረጥ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ በየረድፉ ተዛመተ። የኽዋት ፊት ቀላ፤ ነገር ግን አርባ አንዱም ተገኝተዋልና ድምፅ መስጠቱን ማስቀረት አልቻለም። ለእሱ አሥራ ስምንት እጅ ወጣ። ለዲየም አሥራ ስድስት ንጹሕ እጅ፣ ሰባት ጭቃ የለበሰ። ቆጣሪው ደግሞ ቆጠረና «ሃያ ሦስት» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኽዋትም እንደ ደንቡ ተነስቶ አጨበጨበ፤ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነበር። ትራክ እጃቸውን ማውረድ ረስተው ነበርና ልዌን በቀስታ አወረደችላቸው።

ዲየም ከመድረክ ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ። ዙሪያው ሁሉ ጆሮውን ጣለ።

«ምን ላድርግልሽ እህቴ?»

«ማሳው እንደ ተከፋፈለ ይቆይ። በግልጽ፣ በወረቀት።»

«ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።»

«ዛሬ» አለች።

ዲየም ሳቀና እስክሪብቶውን አወጣ።