በክርስትና ስም የተጻፈ ዱቤ

«ወለተ ሰማዕት። ዘይት አምስት ሊትር፣ ዱቄት ሃያ አምስት ኪሎ።»

ትሕትና የአባቷን የዱቤ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ስታነብ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ንፍሮ የሚቆረጥመውም አፉን ገታ። አባቷ አቶ ደግሰው ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

«ወለተ ሰማዕት ማን ናት?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ኃይለ ኢየሱስስ? ሰባት ሺህ ብር ያለበት?»

«ልጄ፣» አሉ የአባቷ የንስሐ አባት መምሬ ከፋለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኀዘን ቤት እኮ ነው። ይደርሳል።»

«አይደርስም፣ መምሬ። የወልዲያው ጅምላ ነጋዴ እስከ ሰኞ ስልሳ ሺህ ካልከፈላችሁ ሱቁ ውስጥ የቀረውን ዕቃ ጭኜ እሄዳለሁ ብሏል። እኔና እናቴ ከሱቁ በቀር ምን አለን? እዚህ ደብተር ላይ ግን ሰባ ሺህ ብር ተበትኗል። እርስዎ የሁሉንም የክርስትና ስም ያውቃሉ፤ ይንገሩኝ።»

መምሬ መስቀላቸውን አገላበጡ። «እኔ ያወቅሁት ለንስሐ ነው፤ ለዱቤ አይደለም።»

ጥፋቱ የአባቷ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ላሊበላ እንግዳ ሲጠፋባት፣ ፈረንጅ ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ዱቄት በዱቤ ለመጠየቅ ሱቁ በር ላይ ይመላለስ ነበር። ሌላ ገዢ ካየ ክብሪት ገዝቶ ይመለሳል። አቶ ደግሰው ይህን አይተው አዲስ ደብተር ገዙ። «በክርስትና ስምህ ነው የምጽፈው፤ ሚስቴ ብታነበው እንኳ አታውቅህም» ይሉ ነበር ለእያንዳንዱ።

ትሕትና ወልዲያ የሒሳብ አያያዝ ተምራ ስትመለስ በዚሁ ተጣልታቸዋለች። «አባዬ፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ፊርማ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

አባቷ ሳቁባት። «እኔ ባልኖር ባለዕዳው ራሱን አያውቅም?»

ያውቃል እንጂ። ይኸው ድንኳኑ ውስጥ ተደርድሮ ንፍሮውን እየበላ ያውቃል።

በንዴት ገጹን ገለጠች። በደብተሩ ሙሉ የሚታወቅ አንድ ስም አገኘች። ሳሊሕ። ሙስሊም ነው፤ የክርስትና ስም ከየት ያምጣ? ከመናኸሪያ የሚወርደውን ዕቃ በአህያው ጭኖ ለየሱቁ ያደርሳል። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ለለቀስተኛው ውኃ ሲያመላልስ ነበር።

«ጋሼ ሳሊሕ፣ የእርስዎ ስምንት ሺህ አራት መቶ ነው። መቼ ይከፍላሉ?»

በሰው ፊት መጠየቅ እንዳልነበረባት ታውቃለች። አፏ ቀደማት።

ሳሊሕ ጀሪካኑን አስቀመጠ። «ነገ፣ ኢንሻ አላህ።»

«ኧረ በሰው መሀል እንዲህ አይባልም!» አለ አስጎብኚው ሙሉሰው። የሱ የክርስትና ስም ማን እንደሆነ እንግዲህ ማን ይወቀው።

በማግስቱ፣ በሰልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሳሊሕ ያለ አህያው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር እጇ ላይ ቆጠረላት።

«አህያዋስ?» አለችው።

«ከኩልመስክ ለመጣ ገበሬ ሸጥኋት።»

ትሕትና ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«አትዘኚ፣» አላት። «አባትሽ ስሜን ሲጽፉ ‹አንተን ብቻ መደበቂያ አጣሁልህ› ብለው ከፍቷቸው ነበር። እኔም መደበቂያ ቢኖረኝ እንደነሱ ዝም እል ይሆናል፤ ማን ያውቃል?»

ብሩን ልትመልስለት ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ግን ሰኞ የወልዲያው መኪና ይመጣል፤ ከሰባው ሺህ የተመለሰው ይኸው ብቻ ነው። ብሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ሴቶቹ ደግፈው የሟች ቤተሰብ ወደሚቀመጥበት ፍራሽ ወሰዷት። ከእናቷ ጎን እንድትሆን ቦታ ለቀቁላት። ትሕትና ግን ፍራሹን አልፋ፣ ድንኳኑ ጫፍ ድረስ ሄዳ፣ ሳሊሕ አጠገብ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሙሉሰው ተነሥቶ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፤ ለሰላምታም እጁን ዘረጋላት።

ትሕትና በሁለት እጇ የነጠላዋን ቋጠሮ ጨብጣ ነበር። አልለቀቀችውም።