የሚዲየም ወገብ

ፋብሪካው ውስጥ ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። ዘበኛውም አለቃውም «ሚዲየም» ነው የሚሏት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት የወጣ የነርስ ደንብ ልብስ፣ አንገትጌው ላይ «መካከለኛ» የሚል ከተጻፈበት፣ በእሷ ገላ ላይ የተለካ ነው። ሽማግሌው ቆራጭ ናሙናውን ይሰፋሉ፣ እሷ ትለብሳለች፣ እሳቸው ከንፈራቸው መሀል መርፌ ቁልፍ ደርድረው ዙሪያዋን ይዞራሉ፤ ቁጭ በይ፣ ጎንበስ በይ፣ በቃ። ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ከመተኮሻው ክፍል ነው። እዚያ አራት ዓመት እንፋሎት ስትምግ ኖራ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ ይዛ ወጥታለች። ወደዚያ ከምትመለስ ሞቷን ትመርጣለች።

ሰው ሥጋ ነውና ሚዲየም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወፈረች። ባንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ ለራሷም ሳይታወቃት። ሽማግሌው ደግሞ ናሙናው ሲጠባት ጨርቁ የሚቆረጥበትን የቅድ ካርቶን ትንሽ ገፋ ያደርጉታል እንጂ «ወፍረሻል» ብለዋት አያውቁም። ለእሳቸው መካከለኛ ማለት እሷ ናት፤ ክርክር የለም። እንዲህ እንዲህ እየተባለ የከተማው ነርስ ሁሉ ሱሪውን ባንድ እጁ ይዞ መርፌ መውጋት ጀመረ። በመጨረሻ የሆስፒታሎቹ የግዢ ኃላፊ ሁለት መቶ ሱሪ ጠቅልላ መለሰች። ደብዳቤዋ አጭር ነበር። የመካከለኛው ወገብ ሰባ አራት ሴንቲሜትር መሆን ሲገባው ሰባ ሰባት ሆኗል፤ ባንድ ወር ካልተስተካከለ ሌላ ፋብሪካ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሴንቲሜትር የቆራጮች ጣጣ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው፤ እሱ የሚያውቀው ኪሎ ነው። ሚዛን ገዝቶ ቆራጮቹ ክፍል በር ላይ አስቀመጠና ሚዲየምን አስጠራት።

«አዲሱ ናሙና በሰባ አራት ይቆረጣል። ባንድ ወር ገብተሽ ከለበስሽው ቦታሽ ቦታሽ ነው። ካልሆነ ከማሸጊያ ክፍል አንዷን ቀጭን አመጣለሁ፤ አንቺም ካውያሽን ታነሺያለሽ። በየሰኞው ትመዘኛለሽ።»

ወጣች። ሚዛኑ ስልሳ ስድስት ኪሎ አለ። ከኋላዋ የልብስ ሰፊዎቹ አንገት ሁሉ ተመዘዘ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጂም ገባች። ጂም ይባል እንጂ የሌላ ሰው ላብ የሚከራዩበት ቤት ነው። ምንጣፉ ላይ በግንባሯ ስትደፋ ከእሷ በፊት የተኛው ሰው ጠረን አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል። አራቱም ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ዓይኗን የምታሳርፍበት የለም፤ በዞረችበት ሁሉ የራሷ ጭን ይጠብቃታል። አሰልጣኙ ቁጭ ብድግ ያሠራታል፣ ብረት ያሸክማታል፣ «አንድ ይቀራል» እያለ አምስት ያስጨምራታል። ቤት ስትመለስ ጨው የማያውቀው ጥቅል ጎመን ይጠብቃታል። ሲቀቀል ቤቱ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ባሏ ሳህኑን ይዞ በረንዳ ላይ መብላት ጀመረ። እሷ ግን አፍንጫዋን ይዛ ትውጠዋለች። ያቅለሸልሻታል፣ ትውጠዋለች።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ስልሳ ሰባት ከሁለት።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ዘበኛውን ላዩ ላይ አስወጣችው። ዘበኛው ዱሮም የሚመዝነውን መዘነ። እሱ ከወረደ በኋላ ደግማ ወጣች፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት የምትሠራውን ስፖርት ማታም ደገመችው፤ የጎመኑን ሳህን በግማሽ ቀነሰችው። ሁለተኛው ሰኞ፣ ስልሳ ስምንት። ከድጡ ወደ ማጡ።

አብራቸው የምትኖረው የባሏ እህት ሳቋን መያዝ አቃታት። «‹አተርፍ ባይ አጉዳይ› ሲባል ሰምቼ ነበር። አንቺ ደግሞ ልጉደል ብለሽ አተረፍሽ፤ ይኼስ ታይቶም አይታወቅ።»

ለአሰልጣኙ ነገረችው። እሱ ምንም አልገረመውም። «ጡንቻሽ አዲስ ነው፤ ሲሠራ ይቆስላል፣ ሲቆስል ውኃ ይይዛል። ውስጥሽም እየጠነከረ ነው፣ እሱም ይመዝናል። ሚዛኑን ተዪውና በሜትር ተለኪ።»

ውኃ ነው አላት። ሰው ጎመን በልቶ፣ እንደ በቅሎ ተጭኖ፣ ላቡን አፍስሶ አፍስሶ ውኃ ይሞላል? እንደ ቂል መቆጠሯ አበሸቃት። የዚያን ዕለት ማታ ስትታጠብ ዓይኗን ጨፍና ነው። ሳሙናውን በጨርቅ ይዛ ገላዋን አሸችው እንጂ በእጇ አልነካችውም። ራሷን ተጸየፈች። እሷን ሳይጠይቅ ወፍሮ፣ ሲለመንም እምቢ ያለ ገላ፣ የማን እንደሆነ እንኳ ግራ ገባት። ልኳን የሚነግራትን ልብስ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቀሚስ አጠለቀች፤ ላስቲክ ደግሞ ለማንም አይመሰክርም።

በማግስቱ ሽማግሌው ቆራጭ በክፍላቸው በር ላይ ጠበቋት። ሜትራቸው እንደ ሁልጊዜው አንገታቸው ላይ ነው።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ልለካሽ።»

«ጋሼ፣ በሞቴ አይንኩኝ። ገላዬን እኔም አልነካውም።»

ሽማግሌው ደነገጡ። እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያም ወዲህ ሊለኳት አልጠየቁም። በየሰኞው ብቻ ከበሩ ጀርባ ሆነው ሚዛኑ የሚለውን ይሰሙ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው።

የመጨረሻው ሰኞ መጣ። የግዢ ኃላፊዋ ራሷ መጥታ ከቆራጮቹ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ሚዲየም ሚዛኑ ላይ ወጣች። ስልሳ ስምንት ከሰባት። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን አንብቦ አፉን አጣመመ፣ የአንገቱን ላብ ጠረገና፣ በዚያው እጁ በሰባ አራት የተቆረጠውን ናሙና ሱሪ አቀበላት። ጨርቁ የእሱን እርጥበት ይዟል። ቀፈፋት፤ ግን ይዛው ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ትንፋሿን ሰብስባ ሱሪውን ሳበችው። መጣበቁን፣ ቁልፉ አልደርስ ማለቱን ጠበቀች። ሱሪው ያለ ምንም ትግል ወጣና ወገቧ ላይ ተንጠለጠለ። ለቅጽበት የከሳች መሰላት። ከዚያ ጣቶቿ የጎኑን ስፌት አገኙት። ክሩ ትኩስ ነው፤ ከክሩ ገባ ብሎ የቀድሞው ስፌት መርፌ የበሳው ሰልፍ ይታያል። በግራም በቀኝም ሰፋ ተደርጎ ተለቋል። ገባት። ሽማግሌው ኪሎዋን ሰምተው፣ እንዳታፍር ብለው፣ ማንም ሳያይ ለቀውላታል።

አዝነውላታል። በዚያ ወር ካሸተተችው ሁሉ፣ ከምንጣፉም ከጎመኑም፣ ይህ ባሰባት።

ሱሪውን እንደለበሰች ወገቡን በእጇ ይዛ ወጣች። ኃላፊዋ ተነሥታ ወገቧ ላይ ያለውን ትርፍ ሙሉ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። «ይኸው፣ ያልኩት እኮ ይህንን ነው። ወር ሙሉ ጠብቄ ያው ሰፊ ሱሪ?»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ ሚዛኑን፣ አንዴ ሱሪውን አየ። «እሷም ወፈረች፣ ሱሪውም ከእሷ ብሶ ሰፋ። በቃ፣ አንቺ ከነገ ጀምሮ መተኮሻ ክፍል ነሽ። ሌላ ሰው እናያለን፣ እመቤቴ።»

ሚዲየም ሽማግሌውን አየቻቸው። ከንፈራቸው መሀል መርፌ ቁልፎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ይለምናል። አርባ ዓመት ማንም በእጃቸው ሥራ ላይ ጣቱን ቀስሮ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን ከጎኗ የተንጠለጠለው ምሕረት ቆዳዋን በላት፤ እንፋሎቱም ታሰባት።

የሱሪውን ወገብ ወደ ውጭ ገለበጠችው። «ስፌቱ ተለቋል። ይዩት፣ ክሩ አዲስ ነው። ካርቶኑ ሰባ አራት ነው። እኔን ለኩኝ።»

ማንም ሳይንቀሳቀስ ኃላፊዋ ሄዳ ሜትሩን ከሽማግሌው አንገት ላይ ሳበች፤ በሚዲየም ወገብ ዙሪያም አዞረችው። አነበበች፣ ፈታች፣ ደግማ አዞረች። «ሰባ አራት» አለች። «ሳይጎድል ሳይተርፍ።»

ወር ሙሉ ሲወጣ የከረመው ሚዛኑ ብቻ ነበር፤ ወገቧ ሲወርድ ከርሟል። ያየው የለም፤ እሷ ራሷም አላየችውም።

«ጋሼ፣ ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሽማግሌው መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ካፋቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «አዎ።»

ኃላፊዋ በናሙና በሚያታልል እጅ የተቆረጠ ልብስ እንደማትረከብ ተናገረች። ሥራ አስኪያጁም እዚያው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሽማግሌውን ከቆራጭነት አንሥቶ ቁልፍ ተከላ ክፍል መደባቸው። ወዲያው ወደ ሚዲየም ዞሮ፣ ድካሙ የእሱ የነበረ ይመስል፣ «ብዬሽ አልነበር? ቦታሽ ቦታሽ ነው» አላት።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። መቀሱን ለሚቀጥለው ሰው ተዉት። በእሷ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ፤ ፊቷን ያዞረችው እንዲሰድቧት ተዘጋጅታ ነው። እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ፊታቸው በራ።

«ለካ ከስተሻል» አሏት። «ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ አላየሁም። እንኳን ደስ ያለሽ።»

 ምነው በሰደቡኝ ብላ ተመኘች፤ እሳቸው ግን በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።