ሠርቷል ያልኩት ኢንቨርተር

ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ያለችው ሱቃችን ዳቦ፣ ለስላሳና የዶሮ እግር ትሸጣለች። ዳቦና ለስላሳ የትም አለ። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ለዶሮው ነው። ዶሮው የሚኖረው በፍሪዘር ነው፤ ፍሪዘሩ የሚኖረው በመብራት ነው። መብራቱ ደግሞ በእኛ መንገድ የሚኖረው ሌቦች የመሬት ውስጡን ገመድ ቆፍረው እስኪወስዱት ድረስ ነው።

ስለዚህ ባትሪና የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር ገዛሁ። ለገጣሚ ከምከፍል ብዬ ራሴ ገጠምኩት። መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ይበራል፣ ራዲዮው ያወራል። ፍሪዘሩ ሊነሳ ሲል ግን ኢንቨርተሩ ጮኾ ይጠፋል። ዶሮውን ሁለቴ ጣልን። ባለቤቴ በለጥሽ ሁለተኛውን ስትጥል አልተቆጣችም። “ደግሞ ከሸተተ ፍሪዘሩን እሸጠዋለሁ፤ ዳቦህን እየጠበቅክ ትቀመጣለህ” አለችኝ ብቻ። በለጥሽ ሳትቆጣ የተናገረችው ነገር አይቀርም።

ያን ሰሞን አንድ ደንበኛ ቴሌግራም ላይ ወዳለ ቡድን አስገባኝ። ጆሃንስበርግ ያለን የአገር ልጆች ስለ ኢንቨርተርና ስለ ሶላር የምንጠያየቅበት ነው። ጠያቂው ብዙ ነው። የሚመልሰው በአብዛኛው ሙደሲር ነው፤ ፎርድስበርግ የኢንቨርተር ሱቅ ያለው ጎልማሳ። እኔ ሳልጽፍ ጥቂት ቀን ተመለከትኩ። ሩመይሳ የምትባል ስልክ ጠጋኝ አለች። ያለ ሰላምታ ትገባና ትጠይቃለች። ሙደሲር ይመልሳል። “አልሠራም” ትለዋለች። እንደገና ይመልሳል። “አሁንም አልሠራም።” በመጨረሻ ሲሳካላት ከደንበኞቿ የለመደችውን “ሻርፕ”፣ የዚህ አገር ሰው “አሪፍ” ሲል ማለት ነው፣ ጽፋ ትወጣለች። ሰው ውለታ ተውሎለት አልሠራም ይላል? ለወላጆቿ አዘንኩላቸው።

የእኔ ተራ ሲደርስ እንደ ወጉ ጻፍኩ። “ለተከበራችሁ የቡድኑ አባላት በሙሉ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንደምን ነው? ልጆች እንዴት ናቸው? ሥራስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ወንድማችሁ ሀይለየሱስ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።” የፍሪዘሩን ነገር ከታች አስከተልኩ። ከጥያቄው ሰላምታው ረዘመ።

“ሁላችንም ደህና ነን ጋሼ” አለ ሙደሲር። “ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና ባትሪው ስንት ሲደርስ ይጥፋ የሚለውን ቁጥር ዝቅ ያድርጉት።” የት እንደምጫን በቀይ ክብ አድርጎ ሥዕል ላከልኝ። ለእኔ ብሎ የሠራው ነው።

እንዳለኝ አደረግኩ። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ ሞከርኩ። ኢንቨርተሩ እንደ ልማዱ ጮኾ ጠፋ።

ስልኩን አነሳሁ። ያን ቀይ ክብ አየሁት። ሰውየው ደንበኛ አቁሞ ለማያውቀው ሽማግሌ ክብ ሲያከብብ ውሏል። “ሠርቷል። እጅህ ይባረክ” ብዬ ላክሁ።

ሙደሲር መልሱን ከቡድኑ አናት ላይ ሰቀለው። ከሥሩም “ፍሪዘር ሲነሳ የሚጠፋባችሁ ይህን አድርጉ፤ ጋሼ ሀይለየሱስ ሞክረውት ሠርቷል” ብሎ ጻፈ። ሰዉ አውራ ጣቱን ላከልኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ይህን ስል ደግሞ ማን ያምነኛል።

ችግሩ የገባኝ ከዚያ ወዲያ ነው። የሠራ ነገር ሁለተኛ አይጠየቅም። ፍሪዘሩ ሙሉ ነው፤ ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንገድ መብራት ጠፍቷል ተባለ።

እሑድ በለጥሽ ስልኳን ትታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በስልኳ ቡድኑ ውስጥ ገባሁ። “ለተከበራችሁ የቡድኑ አባላት በሙሉ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንደምን ነው? ልጆች እንዴት ናቸው? ሥራስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እህታችሁ በለጥሽ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።” የፍሪዘሩን ነገር አስከተልኩ። ሴት ለመምሰል አንድ አበባ ጨመርኩበት።

“እህቴ፣ ከላይ የተሰቀለውን አንብቢ” አለ ሙደሲር።

“አንብቤ ሞከርኩት፤ አልሠራም” አልኩ። በሚስት ስም አልሠራም ማለት እንዴት ይቀላል።

“እንግዲያው የሠራላቸው ሰው ይንገሩሽ። ጋሼ ሀይለየሱስ፣ እባክዎ እህታችንን ይርዷት።”

ባንኮኒው ላይ ያለው የራሴ ስልክ ተንጫረረ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ያዝኩ። ቡድኑ ይጠብቃል።

“እህቴ፣ ቁጥሩን በደንብ ዝቅ አድርጊው” ብዬ በቀኝ ጻፍኩ።

“አድርጌዋለሁ ጋሼ” አልኩ በግራ።

“እንግዲያው ትንሽ ከፍ አድርጊው።”

“እሺ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።”

ለራሴ ዕድሜ ተመኝቼ ሳልጨርስ ሩመይሳ ገባች፤ ያለ ሰላምታ። “ፍሪዘሩ አንድ፣ ሰላምታው አንድ። ባልና ሚስት ናችሁ ወይስ አንድ ሰው?” ቡድኑ በሳቅ ፊት ተሞላ።

ስልኬ ጠራ። ሙደሲር ነው።

“ጋሼ፣ ፍሪዘሩ ይነሳል?”

“ኢንቨርተሩ ጥሩ ዕቃ ነው” አልኩ።

“ፍሪዘሩን ነው የጠየቅኩት።”

“አይነሳም።”

“ታዲያ ለምን ሠርቷል አሉኝ?”

“ሥዕል ሠራህልኝ።”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አሌክሳንድራ ሰፈር ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ያንን ሞክራ አልሠራልኝም አለችኝ። ለጋሼ ሠርቷል፣ አንቺ ነሽ ያላወቅሽበት ብዬ ተቆጣኋት። ፍሪዘሯ ውስጥ ያለው ሁሉ ተበላሽቷል። ወላሂ ጋሼ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ግን ማን ነግሮኝ ልወቅ?”

“አንተ አዋቂ ነህ፣ እኔ ትናንት የገባሁ። እንዴት ተሳስተሃል እልሃለሁ?”

“ሩመይሳ ትለኛለች። ስለዚህ የሷ ይሠራል።”

ለወላጆቿ ማዘኔን ተውኩ።

“አሁን ሁሉንም ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ” አለኝ። ላክሁ።

“ይህ ቀጭን ገመድ ምንድን ነው?”

“የድሮ ራዲዮ የስፒከር ገመድ ነው። ባትሪው ከዶሮው እንዲርቅ ብዬ ቀጠልኩት።”

“ጋሼ፣ ዝሆን በክር ነው ያሰሩት?”

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል።”

“ቢያብር ነው የተባለው። የእርስዎ ድር ብቻውን ነው። ፍሪዘሩ ሲነሳ የሚስበውን ኃይል አያሳልፍም፤ እሳት ሳያስነሳ ይንቀሉት።”

ወፍራምና አጭር ገመድ ከእሱ ሱቅ እንድወስድ፣ ባትሪውን ከኢንቨርተሩ ሥር እንዳስጠጋ ነገረኝ። እሱ ደግሞ የሰቀለውን መልስ ሊያወርድና የአሌክሳንድራዋን ሴት ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። “እርስዎም ለቡድኑ ይጻፉ” አለ።

“ለተከበራችሁ” ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። ሌላ ሞከርኩ፣ እሱንም አጠፋሁ። የቀረው ይህ ነው፦ “አልሠራም ነበር። ሠርቷል ያልኩት አፍሬ ነው። በለጥሽም እኔ ነኝ።” እንዲህ አጭር ደብዳቤ በዕድሜዬ ጽፌ አላውቅም።

ገመዱን ቀየርኩ። ብዙም ሳይቆይ የእኛ መንገድ ተራ ደረሰ፤ መብራቱ ጠፋ። በለጥሽ ከዶሮው አጠገብ ቆማ እኔን ታያለች። ኢንቨርተሩ አልጮኸም። ፍሪዘሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና ተነሳ።

“ሠርቷል” ብዬ ጻፍኩ።

ማንም አውራ ጣት አልላከም። “ቪዲዮ” አለ ሙደሲር። ሩመይሳ “የመንገዱ መብራት መጥፋቱም ይታይ” ብላ ጨመረች።

ከሥልጣን እንደተሻረ ሹም በታዛዥነት ስልኬን አነሳሁ። ጨለማውን መንገድ ቀረጽኩ፣ ገመዱን ቀረጽኩ፣ የሚያጉረመርመውን ፍሪዘር ቀረጽኩ። ከኋላዬ በለጥሽ ስልኳን ከፍታ ኖሯል።

“አንተ ሰውዬ” አለች፣ “ይህች አበባ የምትልከው በለጥሽ ማን ናት?”

ድምፅዋ ቪዲዮው ውስጥ ገባ። ልቆርጠው አሰብኩና ተውኩት፤ እንዳለ ላክሁት።

“ሻርፕ ጋሼ” ብላ ጻፈች ሩመይሳ። “አሁን አመንኩ።”