የአሥራ አምስት ቀን ፕሮፌሰር

ዶክተሯ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ገለበጠችው። ፈሳሹ ሳያመነታ ተንዶ ክዳኑ ላይ ተከማቸ። ይህ ሰባተኛው ሙከራዋ ነው። ሁለተኛውን ብልቃጥ ገለበጠች፤ ውስጡ ያለው ግን ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ እንደ ግትር ሰው አልወርድም አለ። የጄል ፈተናው ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም፤ ተገልብጦ ካልፈሰሰ ረግቷል፣ ከፈሰሰ አልረጋም።

ዱቄቱ አንድ ነው። ሚዛኑ አንድ ነው። ሙቀቱም አንድ ነው። የሚለየው ውሃው ብቻ ነው። የረጋው ምድር ቤት ካለው አሮጌ ማጣሪያ በተቀዳ ውሃ የተሠራ ነው፤ ያልረጋው ለዛሬው ዝግጅት ተብሎ ባለፈው ሳምንት የተገዛው አዲሱ ማሽን ባጠራው ውሃ። ዶክተሯ ሦስተኛውን ብልቃጥ አነሳች። ውሃው የአዲሱ ማሽን ነው፤ ግን የመርፌ ጫፍ የምታህል የመዳብ ጨው ጨምራበታለች። ከዚያ በፊት ብረትም፣ ዚንክም፣ ካልሲየምም ሞክራ አንዱም አላረጋላትም። ገለበጠችው። አልወረደም።

ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የመስታወት ባለሙያው ሽማግሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የተሰነጠቀ የመስታወት ቱቦ በእሳት እየደፈነ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚያ ክፍል ሠርቷል፤ ሕንፃው ውስጥ ያለ መስታወት ሁሉ በእጁ አልፏል።

«ጋሼ፣ የማጣሪያው የእንፋሎት ማቀዝቀዣ ቱቦ መስታወት አልነበረም እንዴ?»

«ነበር፤ ተሰበረ። አዲስ እንዲገዙልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤዎቼን ብጨምቃቸው ኖሮ ከማጣሪያው የበለጠ ውሃ ይወጣቸው ነበር። ሲመረኝ ከወደቀ ፍሪጅ ላይ የመዳብ ቱቦ ቆርጬ ጠመዘዝኩና ገጠምኩት። ምነው፣ ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«አያፈስማ! እኔ ከሞትኩም በኋላ ያንጠባጥባል። ታዲያ ፊትሽ ምን ነክቶት ነው፣ ዶክተርዬ?»

«መቼ ነበር የገጠሙት?»

«አምስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

የመጀመሪያው ጄል የረጋው ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ነው። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ተኩል በየቀኑ ስታፈሰው ኖራለች።

የምታጠናው ሱፕራሞለኪውላር ኬሚስትሪ ነው፤ ሞለኪውሎች በጽኑ ሳይተሳሰሩ እንዴት ተያይዘው እንደሚቆሙ። የትምህርት ክፍሉ ሰዎች «ሳይፈራረሙ አብሮ የመኖር ሳይንስ» ይሉታል። ቀለበት መሰሉን ሞለኪውል የሠራችው እሷ ናት። ያለ ምንም ብረታ ብረት፣ በንጹህ ውሃ ውስጥ ራሱን በራሱ አያይዞ ይረጋል የሚለው ጽሑፍ ግን የወጣው በሌላ ሰው ስም መሪነት ነው፤ የእሷ ስም ሁለተኛ ነው።

የመጀመሪያው ስም የክቡር ተጋባዥ ፕሮፌሰሩ ነው። የሥራ ታሪኩ አርባ ሁለት ገጽ ይሞላል። በሰባት ከተሞች ክቡር ተጋባዥ ነው፤ በእያንዳንዱ በዓመት አሥራ አምስት ቀን ይሰነብታል፤ የቀረውን አውሮፕላን ላይ ነው የሚያድረው ይሉታል። እዚህ የወጣለት ስም «አሥራ አምስት ቀን» ነው። ይመጣል፣ አንድ ንግግር ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ሲሄድ የሰው ዓመታት በሻንጣው ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሚፈልገው ስሙን ነው፤ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት እርከን ያወጣል። ወንበር ገዝቶ የሚቀመጥበትን ሰው ከሩቅ መከራየት ማለት ይህ ነው። ሰባት ቦታ ያለ ሰው የትም የለም፤ ይህን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም።

እሷስ? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት። በረቂቁ ላይ «የተጣራ ውሃ» ብላ ጻፈች። እሱ ከአውሮፕላን ጣቢያ ሆኖ «እጅግ የጠራ ውሃ» ብሎ አረመው፤ ገምጋሚዎቹ ስለ ብረታ ብረት እንዳይጠይቁት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በሕንፃው ውስጥ እንደሌለ እያወቀች ፈረመች። የፕሮፌሰርነት ማዕረጓ ፋይል የቆመው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነበርና።

ከሁለት ወር በፊት የማታውቃት ተማሪ ከሌላ አገር ጻፈችላት። ጄሉን ደግማ ለመሥራት ዓመት ተኩል እንደደከመች፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳልረጋላት፣ መምህሯም በእሷ ተስፋ እንደቆረጠ ትነግራታለች። ደብዳቤው የሚያበቃው «ምናልባት ችግሩ እጄ ይሆን?» በሚል ነው። ዶክተሯ እስከ ዛሬ አልመለሰችላትም።

ፕሮፌሰሩን አዳራሹ በር ላይ አገኘችው። ዛሬ ፕሮፌሰሩ በዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት ፊት ጄሉን በገዛ እጁ ሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ ከእሷ ቤተ ሙከራ የሚወለደውን አዲስ ማዕከል ለአምስት ዓመት እንዲመራ ይሾመዋል። የእሷ ማዕረግ ቀጣዩ አጀንዳ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ከመግባትዎ በፊት አምስት ደቂቃ።»

«እህት ዓለም! አሁን?» ሰዓቱን አየ።

«ጄሉን የሚያረጋው ሞለኪውላችን ብቻውን አይደለም። አሮጌው ውሃ ውስጥ መዳብ አለ። መዳቡ ከሌለ አይረጋም። ሰባት ጊዜ ሞክሬዋለሁ።»

ለሚያልፉት ሰዎች ያሰናዳውን ፈገግታ ከፊቱ አላወረደም። «ስንት ዓይነት ውሃ ይዘሻል?»

«ሁለት። የድሮውና አዲሱ።»

«የሚሠራውን ስጪኝ።»

«እጅግ የጠራ ብለው የጻፉትስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የጻፍኩት? ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ያለ መስሎኝ!» ክንዷን መታ መታ አደረጋት። «ከምሳ በኋላ እናወራለን። አውሮፕላኔ አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

ገባ። አዳራሹ ብድግ አለለት።

እሷ ከፊት ረድፍ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በእሱ ላይ ያላት ንዴት ቀላል ነበር፤ የለመደችው ነው። ያቃጠላት ሌላ ነገር ነው፦ አሮጌውን ብትሰጠው ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አንዲት ልጅ ብቻ በሩቅ አገር ተቀምጣ እጇን ስትረግም ትኖራለች። ፕሮፌሰሩ በደረቱ ኪስ መሐረብ ሰክቶ እጁን ዘረጋላት። አዲሱን ውሃ ሰጠችው።

ዱቄቱን ጨመረ፣ አሞቀ፣ ነቀነቀ። እስኪረጋ አራት ደቂቃ ስለ ሳይንስ ትሕትና አወራ። ከዚያ ብልቃጡን ከፍ አድርጎ፣ ለታይታ ክዳኑን ከፍቶ፣ ገለበጠው። ውሃው በእጅጌው ገብቶ ማስታወሻው ላይ ወረደ።

«ኬሚስትሪ በሰው ፊት ዓይን አፋር ናት!» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ዶክተሯ ተነሳች። «አላፈረችም፣ ፕሮፌሰር። የሰጠሁዎ ንጹህ ውሃ ነው። ጽሑፋችን በንጹህ ውሃ ይረጋል ይላል፤ አይረጋም። አሮጌው ማጣሪያችን ውስጥ መዳብ አለ፣ የሚያረጋው እሱ ነው። ጽሑፉ ላይ የተባለውን ውሃ እንዳልተጠቀምን እያወቅሁ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፤ ማሳሉ እንደ ጥፋት ተሰማው መሰል መልሶ ዋጠው። ፕሮፌሰሩ እርጥብ እጅጌውን በመሐረቡ ደረቅ ደረቅ አደረገ። ሰውየው ዝናውን በከንቱ አላገኘም፤ ትንፋሽ አንድ ጊዜ ለመሳብ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው የፈጀበት።

«ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ያያችሁት በየቀኑ የሚታይ አይደለም። ከባልደረባዬ ጋር ይህን ነገር በቅርብ ስንከታተል ቆይተናል። ዛሬ ያልረጋው ጄል የመዳብን ምስጢር ገለጠልን። ሁለተኛው ጽሑፋችን ይኸው፣ በዓይናችሁ ፊት ተወለደ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ሰምታ ታውቃለች። ይኸኛው ግን ኩበቱን ከነላሟ ነው የነዳው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስቱ በዲኑ ቢሮ ነበሩ። ዲኑ የድሮ ተማሪዋ ነው፤ እስከ ዛሬ ስታየው ክራባቱን ያስተካክላል።

«ዶክተር፣ አስደንግጠውን ነበር እኮ! እንኳንም ነገሩ ወደ በጎ ዞረ።» አንድ ወረቀት አቀረበላት። «ለቃለ ጉባኤው ነው። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

አነበበችው። ግኝቱ በፕሮፌሰሩ መሪነት፣ በቤተ ሙከራው ውስጥ በጋራ በተደረገ ክትትል የተገኘ ነው ይላል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጉድለት አንድ የቴክኒክ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ባደረገው ጥገና የተፈጠረ ነው ይላል።

«የአብዬን ወደ እምዬ» አለች።

«ማንም አይጎዳም፤ ሰውየው ጡረታው ደርሷል» አለ ዲኑ። «ከፈረሙ ፋይልዎ ዛሬውኑ ያልፋል። ካልፈረሙ ግን የመጀመሪያው ጽሑፍ መሰረዙ ነው፤ እሱ ከወደቀ ማዕረግዎም አብሮ ይወድቃል። እኔ ምን ላድርግ?»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን እየነካካ ነበር። «እህት ዓለም፣ ዓለም የሚያስታውሰው ቀድሞ የጻፈውን ነው። የስም አቀማመጡ እንደ በፊቱ ነው። ተባርኬያለሁ በይ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። አሥራ አንድ ዓመት። እህቷ በየሳምንቱ «አሁንም ፕሮፌሰር አልሆንሽም?» ትላታለች፤ ቀልዷ ድሮ ያስቅ ነበር። ፊርማዋ ሦስት ፊደልና አንድ ጭረት ብቻ ናት። እጇ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ቀና አለች።

«ፕሮፌሰር፣ 'በቤተ ሙከራው ውስጥ በጋራ' ይላል። ማጣሪያው የት ነው ያለው?»

«ምኑ?»

«ውሃው የሚጣራበት። በቅርብ ሲከታተሉት የነበረው።»

«እ... ያው እዚያው ነዋ። በመስኮቱ በኩል።»

«ክፍሉ መስኮት የለውም።»

ዲኑ ክራባቱን አስተካከለ። ፕሮፌሰሩ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጠ። «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው!»

«ኑ ላሳይዎ። ካዩት በኋላ ፊርማውን እናወራበታለን።»

«አውሮፕላን እንዳለብኝ ነግሬሻለሁ!»

«ሦስት ፎቅ ነው፤ ሁሉም ቁልቁለት።»

ተከተላት። ያለ ፊርማዋ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ መሆኑን ከእሷ የተሻለ ያውቃል። ዲኑ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ከኋላ መጣ። ደረጃው እየጠበበ፣ ግድግዳው እየሻገተ ሄደ፤ በመጨረሻው እጥፋት ፕሮፌሰሩ ጫማውን ከፈሰሰ ዘይት ለማዳን ግድግዳውን ይዞ ተራመደ። ከበሩ ሥር እንፋሎት ይወጣል።

ሽማግሌው ከማጣሪያው አጠገብ ቆሞ ነበር። ከመዳቡ ጥምዝ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ማሰሮ የሚያህል ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። ሦስቱን ሰዎች ሲያይ መነጽሩን አወለቀ፤ ዲኑን በራስ ንቅናቄ ሰላም አለ፤ ከዚያ ሙሉ ልብስ የለበሰውን እንግዳ ከላይ እስከ ታች አየው። በዓይኑ ውስጥ ተንኮል የለም።

«ዶክተርዬ፣ በደህና? እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?»

ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞረ። በሰባቱም ከተማ፣ በየአዳራሹ በር፣ ስሙንና ማዕረጉን በሙሉ የሚጠራለት ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ራሱን ማስተዋወቅ ከረሳ ዘመን ሆኖታል። ጠበቃት። ዲኑ አፉን ከፈተ፤ ዶክተሯ አንድ ጣቷን ብቻ አነሳች፣ እሱም እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንደነበረው ዘጋው።

እሷ ስሙን ሳትጠራ ዓይኗን ወደሚንጠባጠበው ውሃ መለሰች። ሽማግሌው የቀኝ እጁን ጋዋኑ ላይ ደጋግሞ ጠረገና፣ አሁንም መልሱን እየጠበቀ፣ ለሰላምታ ዘረጋለት።