የዘጠና ቀን ትውስት

ይህ ወሬ እውነት ነው። ከእውነትም እውነት። አንዲት ቃል የተጨመረበት እንደሆነ ይህን የሚተርክ ምላስ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ይገንጠል! ከአቃቂ ድልድይ እስከ ቱሉ ዲምቱ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ወይ አልተወለደም፣ ወይ ያን ቀን ተኝቶ ነበር።

ጋሽ ጉተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብረታ ብረት ፋብሪካ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው። እሱ ቆጣ ብሎ ካየው ብረቱ ሳይቆረጥ በራሱ ይለሰልስ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሥርጉት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አርክቴክቸር ስታጠና መምህራኖቿ ያልገባቸውን ሊጠይቋት ይሰለፉ ነበር።

የቤት መሣያው ሶፍትዌር የግቢው ነው። እዚያው ግቢ ላብራቶሪ ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ተማሪ እንዲሁ ይከፈታል። ቤቱ ሆኖ መሥራት የፈለገ ግን ኮምፒዩተሩን ግቢ ድረስ ተሸክሞ መሄድ፣ ከግቢው መስመር ጋር ማገናኘትና ፈቃዱን ለዘጠና ቀን መዋስ አለበት። ዘጠናው አልቆ ካልታደሰ ሶፍትዌሩ ይዘጋል፤ ሥዕሉም አብሮ ይዘጋል።

ሥርጉት አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝታ፣ ግቢ ወስዳ ፈቃዱን ተውሳ፣ አባቷ ሥራ በዋለበት ቀን ሳሎን ተክላ ጠበቀችው። የምትሥለው የእነሱኑ ቤት ነበር። ይህ የጭቃ ቤት ፈርሶ በቦታው የሚቆመውን።

«አባዬ፣ ከታች ቁልፉን ትጫናለህ፣ ቤትህ ከላይ ይመጣልሃል።»

«ይሄ ደረጃ ምን ያደርጋል? ጉልበቴን ልትጨርሺው ነው?»

«ደረጃው ለእኔ ነው። አንተ ታች ትተኛለህ፣ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ስታንኮራፋ እሰማለሁ።»

«እኔ አላንኮራፋም!»

«ሳሪስ ድረስ ይሰማል እንጂ!» ትላለች እናቷ አማረች ከጓዳ።

በአራተኛ ዓመት ትምህርቷ፣ በሁለት ሺህ አራት ሚያዝያ ላይ፣ ሥርጉት በአራት ቀን ሕመም ሞተች። እዚህ ላይ የሚጨመር የለም። ሞተች፤ በቃ።

የለቅሶው ድንኳን የተነሣ ዕለት ጋሽ ጉተማ ቁልፉን ተጫነ። ቤቱ መጣ። በረንዳው፣ ሁለቱ መስኮቶች፣ ደረጃው። የእሷ ክፍል በር ገና አልተሣለም ነበር። ከሥዕሉ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ብቅ አለ፤ መካከሉ ላይ አርባ አንድ የሚል ቁጥር። በማግስቱ አርባ ሆነ። የጎረቤት ተማሪ ጠርቶ ቢያስነብበው፣ «ትውስቱ ሊያልቅ አርባ ቀን ቀርቶታል ይላል» አለው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጥሩን ያያል፤ ደረጃውን በዓይኑ ይወጣል፣ በር አልባው ክፍል ጋ ሲደርስ ይቆማል። ቁጥሩ ወደ አሥር ሲወርድ ምግብ አስጠላው። መጨረሻ አንድ ሲል ፋብሪካውን አስፈቅዶ፣ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በጠዋት ወጣ።

ክብደቱ የወይፈን ያህል ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ፣ «አባባ፣ ዕቃው የሰው ቦታ ይዟል፤ ይከፈልበታል» ቢለው፣ «ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ የፎቁንም እከፍልሃለሁ» አለው። ነገሩን ሲያስረዳ ረዳቱ ተንሰቀሰቀ፤ አሥራ ሁለቱም ተሳፋሪ ተንሰቀሰቀ። ሾፌሩ ከቃሊቲ ጀምሮ ማንንም ሳያወርድ ግቢው በር ድረስ አበረረው፤ ትራፊኮች በየአደባባዩ ሰላምታ እየሰጡ አሳለፏቸው።

«ምንድን ነው የያዙት አባባ?» አለ ዘበኛው።

«ቤት ነው።»

«ቤት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

«ልጄ ከዚህ የተዋሰችው ፈቃድ ነገ ያልቃል። ላሳድስላት ነው የመጣሁት።»

«እሷ ለምን አልመጣችም?»

ጋሽ ጉተማ ጋቢውን አጠበቀ። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀና በሩን ከፈተ።

የላብራቶሪው ሠራተኛ ሳዲቅ የሚባል ለስላሳ ሰው ነው። ስሟን ፈልጎ፣ «አባባ፣ ከመዝገብ ወጥታለች» አለው አንገቱን ደፍቶ።

«ከመዝገብ ነው የወጣችው። ከቤቷ አልወጣችም!»

ይህች ቃል ግቢውን አናወጠችው። ዲኑ ከስብሰባ እየሮጠ መጣ። አራት መቶ ተማሪ ብድግ ብሎ አለቀሰ፤ አራት መቶ ቢያንስ ነው። ዲኑም በገዛ እጁ ፈቃዱን አደሰለት፤ ለዘጠና ቀን መስሏችሁ? እስከ ምጽአት! ይኸውና ጋሽ ጉተማ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁልፉን ይጫናል፤ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ፎቅ ላይ እንቅስቃሴ ያዳምጣል።

ወሬው ቂሊንጦ ዞሮ ተመለሰ። ባለሱቁ ሱፍያን ከጋሽ ጉተማ አፍ ሦስት መቶ ጊዜ ሰምቶታል። አንድ እሑድ ከሰዓት መጣ።

«ጋሽ ጉተማ፣ ወራቤ ለእናቴ ቤት ልሠራ ነው። እስቲ ያችን ቤት ያሳዩኝ፣ ከእሷ ልቅዳ።»

«መብራት የለም እኮ።»

«ሬዲዮው እያወራ ነውሳ!» ሱፍያን ሳቀ። «ሊሰስቱብኝ ነው?»

ስክሪኑ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል ለብሶ ቆሟል። ጋሽ ጉተማ ዳንቴሉን ገልጦ፣ ባዶ እጁን ወደ ጠረጴዛው ሥር ሰደደ፤ እዚያው አቆየው። ጀርባው ላይ የአማረች ዓይን እንዳረፈ አውቋል። «ደረጃው በግራ በኩል ነው የሚወጣው» አለ ለሱፍያን። «እሷ ነች እንዲያ ያደረገችው…»

አማረች ድምጿን ሳታነሣ፣ «ተወው ጉተማ» አለች። አጠገባቸው መጥታ ቆመች። «ሱፍያኔ፣ ማንም አላለቀሰም። ዲንም አልመጣም። ያን ቀን ተሸክሞ የሄደው ይህንን ስክሪን ብቻ ነው።»

«እንዴት?»

«ግቢ ሲደርስ፣ ሥዕሉ ያለው ከጠረጴዛው ሥር በነበረው ሳጥን ውስጥ ነው አሉት። እኛ ስታብላይዘር ነበር የመሰለን፤ ቁልፉን ተጭነህ መብራት ስትለቅበት ከላይ ያለው ይበራል፣ እንደ ፍሪጁ። ሳዲቅ የሚባለው ልጅ፣ ‹ሳጥኑን ዛሬውኑ ያምጡልኝ፣ እኔ እከፍትልዎታለሁ› ቢለው ስክሪኑን ታቅፎ እየሮጠ መጣ።»

«ታዲያስ፣ እትዬ አማረች?»

«እሱ ጠዋት በወጣ በሰዓቱ ቆራሌው ሲጮህ ጠራሁት። ኮምፒዩተሩ ከሄደ፣ ፍሪጁም የራሱ ስታብላይዘር ካለው፣ ይሄ ምን ያደርግልናል አልኩ። በሳፋ ለወጥኩት፣ ሱፍያኔ። ሁለት ሳምንት ምናለሽ ተራን አንድ በአንድ ፈልጎ አጣው።»

ሬዲዮው ማውራቱን አላቆመም። ጋሽ ጉተማ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አላወጣም።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹ምነው እንዲህ አደረግሽ› ብሎኝ አያውቅም» አለች አማረች። «ይህን ሁሉ የሚያወራው፣ ሳጥኑ የት ደረሰ ብሎ ማንም እንዳይጠይቀኝ ነው።»