ሁለት ጊዜ የተፈተገው ቀሚስ

ወይዘሮ ሌቲሺያ ኦርድዌይ በኦሃዮ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ፖሊስ ጣቢያ የሴት እስረኞች ጠባቂ ሆና ስትቀጠር ወንዶቹ ፖሊሶች ሳቁባት። ለድሆች ሾርባ ስታድል የኖረች ባልቴት ሌባ ልትጠብቅ ነው አሉ። እሷ ግን ነገሬም አላለቻቸውም።

አንድ ልማድ ነበራት። የታሰረችውን ሴት ገላዋን ታሳጥባለች፤ ቀሚሷን አጥባ፣ ተኩሳ ታለብሳታለች። ዳኛ ስቶዳርድ ፊት ጭቃ ለብሳ የቀረበች ሴት ሳትጠየቅ እንደሚፈረድባት ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚና ክሩገርን አመጧት። ወደብ ላይ ከሰል የሚያራግፈው ባሏ ኦገስት «ሰክራ በልብስ መተኮሻ ፈነከተችኝ» ብሎ ከሷታል። ሚና አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም። ወይዘሮ ኦርድዌይ እንደ ልማዷ ቀሚሱን ዘፈዘፈችው። ጀርባው ላይ ያለው የከሰል እድፍ አልለቅ ስላላት ሁለት ጊዜ ፈተገችው።

እሑድ ጠዋት የሚና አንደበት ተፈታ።

«መሬት ጥሎ ጀርባዬን ሲረግጠኝ ነው የመታሁት። ቀሚሴን አላዩትም እንዴ? ጫማው ታትሞበታል።»

ወይዘሮዋ ገመድ ላይ ወደተሰጣው ንጹሕ ቀሚስ ዞረች።

«አጥቤዋለሁ፣ ልጄ።»

«አጠቡት? ወይኔ እሜቴ! ስድስት ወር ከታሰርኩ ልጄን ማሳደጊያ ነው የሚያስገቡብኝ!»

ከሳቁባት ፖሊሶች አንዱ፣ ሳጂን ኪዮ፣ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ድሮም የልብስ ማጠቢያ ቤት ከፈቱልን ብያለሁ። አሁን ዝም ይበሉ። ማስረጃ አጠብኩ ካሉ ከሥራ ያባርሩዎታል።»

ሰኞ ችሎት ላይ ወይዘሮ ኦርድዌይ ብድግ አለች።

«ክቡር ዳኛ፣ ጀርባዋ በልዟል።»

«ከደረጃ ወድቃ ይሆናላ» አለ ዳኛው።

«ቀሚሷ ላይ የጫማ ምልክት ነበር። እድፍ መስሎኝ አጠብኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ፤ ኦገስት ከሁሉም አስበልጦ። ዳኛው መዶሻውን መታ።

«ታዲያ የታጠበ ነገር ምን ያደርግልኛል?»

«ሁለት ጊዜ የፈተግኩትን አልረሳም። ተረከዝ ነው። ዙሪያውን የሚስማር ራስ አለው፤ ከኋላ በኩል ግን ሁለቱ ወልቀዋል።»

ኦገስት መሳቁን አቆመ።

«እግርህን አንሳ» አለው ዳኛው።

«ጌታዬ፣ የሠራተኛ ጫማ እኮ ሁሉም...»

«አንሳ ተብለሃል!»

ሳጂን ኪዮ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን ገልበጥ አድርጎ አየ። ደግሞ አየ። «ከኋላ ሁለቱ የሉም» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ሚና በነጻ ተለቀቀች። ልጇን ከጎረቤት ለመውሰድ ስትሮጥ ማመስገኑንም ረሳችው፤ ወይዘሮዋም ምስጋና የሚቀበል ፊት አልነበራትም። ከማፈሯ የተነሳ ምሳዋን እንኳ አልበላችም።

ማክሰኞ ሌላ ሴት አመጡ። ውሃው ፈልቷል፤ ሳሙናው ወጥቷል። ወይዘሮ ኦርድዌይ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ወሰደችና ሳጂን ኪዮን ጠራችው።

«ሳላጥበው በፊት ና፣ አንተም እየው።»

ሳይስቅ መጣ።