የአብዱሰመድ አውራ ጣት

«ፊቱን ሳላየው ከፍናችሁ ቀበራችሁት?» አለች የሟቹ እህት ራህመት፣ ገና ከድንኳኑ ደጃፍ። «ተጎብዬ ቆቦ ይሄን ያህል ሩቅ ነው? የወንድሜን ሞት በማግስቱ ተባጃጅ ሹፌር ልስማ?»

ሚስቱ ኡሙሃኒ አቀረቀረች። ሴቶቹ «አብሽሪ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» እያሉ ለራህመት ቦታ ለቀቁላት። ከጥግ የተቀመጡት ሁለቱ ግን ማንሾካሾካቸውን አልተዉም።

«ቀብሩ ላይ እኮ ሰው አልነበረም።»

«እሱ አገሩን ሁሉ ለሰው ለቅሶ ሲጠራ ኖሮ።»

እውነታቸውን ነው። ኡሙሃኒንም የሚያቃጥላት ይኸው ነው።

አብዱሰመድ ዕድሜውን የፈጀው ቆቦ ገበያ ልብስ ሲሰፋ ነው። የስፌት መኪናው በጦርነቱ ከጠፋ በኋላ፣ ጢሙ ሸብቶ ሳለ፣ ከልጁ ከኢቅራ እኩዮች ጋር ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ተማረ። ገበያው ሳቀበት። «እስቲ ይቺን ሱሪ በኮምፒውተር ጥቀምልኝ» ይሉታል። አብሯቸው ይስቅና ቤት ሲገባ ዝም ይላል። ያን ሰሞን ስልኩ እንኳ አሻራውን አልቀበል ብሎት ነበር፤ መርፌ ሲያደርቃት የኖረች አውራ ጣት ናት። ውሎ አድሮ ቆዳው ሲለሰልስ ተከፈተለት። «ኡሙሃኒ፣ ዛሬ አወቀኝ» አላት እንደ ልጅ ደስ ብሎት።

በተማረው መጀመሪያ የሠራው ለቅሬው፣ ለቀብር እድሩ፣ በስልኩ የሚሠራ የለቅሶ መጥሪያ ነው። ሰው ሲሞት ስሙን ጽፎ አንዴ ሲነካው፣ እስከ ጎብዬና ዋጃ ላሉት የቅሬው አባላት ሁሉ መልእክት ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ ወደዱትና በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ የኖረውን ሰውዬ አሰናበቱት። አብዱሰመድ ራሱ ሲሞት ማን ይነካዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ትናንት ጠዋት ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሣም። ኢቅራ እያለቀሰች ስልኩን አመጣች።

«እማ፣ ያለ ጣቱ አይከፈትም፤ እጁ ሳይቀዘቅዝ አውራ ጣቱን እናስነካው። ሰው ይስማለት።»

ኡሙሃኒ የባሏን እጅ በሁለት እጇ ሸፈነች። «ተይው ልጄ። ሬሳ አይታዘዝም።»

በየስልካቸው ያገኙትን ጠሩ። የራህመት ስልክ ጭራሽ አልጠራም። ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበረ።

«እኔ ነኝ የከለከልኩ» አለች አሁን ኡሙሃኒ፣ ሁሉንም ለራህመት ከነገረቻት በኋላ። «ሰው አሳጣሁት። እጁን ግን... አልቻልኩም።»

ራህመት ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ይቅር ያለ ሰው ፊት አልነበረም።

«የታለ ስልኩ?» አለች እጇን ዘርግታ።

ኢቅራ አቀበለቻት። መስታወቱ አቧራ ለብሷል። ራህመት በሻሿ ጫፍ ልትወለውለው ስትል ኡሙሃኒ እጇን ያዘቻት።

«አትጥረጊው። ጣቱ አለበት።»

ራህመት ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየች። እውነትም ከአቧራው ሥር፣ ከመስታወቱ ታች በኩል፣ የአውራ ጣት ወዝ አለ። ብዙ አየችው። ከዚያ ከጉያዋ ነጭ መሐረብ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ስልኩን በጠርዙ ይዛ መሃሉ ላይ አጋደመችው፣ ጫፎቹንም አንድ በአንድ ቀስ አድርጋ አለበሰችው።